ከ«ራስ ሰር» በስተጀርባ ያለው ሰው
(በተማሪዎች ማኅበር የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ለዛሬው ምሽት የተሰጠን ርእስ ሲሰሙት ደረቅ ይመስላል። ስለ ኢንዱስትሪ ራስ ሰር አሠራር፣ እንዲሁም መኪናዎችን እርስ በርስ ስለሚያገናኘው የዲጂታል ዘዴ ዋና ዋና ቃላት እንድንናገር ነው የተጠየቅነው። ከሕግ፣ ከታሪክና ከኤኮኖሚክስ ክፍል ያላችሁ ወንድሞችና እኅቶች «ይህስ የመሐንዲሶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ ሳትቀሩ መምጣታችሁ አስደስቶናል። ነገሩ የመሐንዲሶች ብቻ እንዳልሆነ ለማስረዳት እንሞክራለን።

እነዚህ ቃላት ዛሬ ከፋብሪካ አጥር ወጥተዋል። በጋዜጣ ይነበባሉ፤ በጨረታ ሰነድና በብድር ውል ይጻፋሉ፤ በየስብሰባውም ይነገራሉ። «ስማርት»፣ «ዲጂታል»፣ «ኦቶሜሽን»፣ «አራተኛው የኢንዱስትሪ አብዮት» የሚሉት ስሞች እንደ ዕጣን ይጤሳሉ፤ ሽታቸው አዳራሹን ይሞላል፤ እጅ ሲዘረጉ ግን የሚጨበጥ ነገር የለም። ተናጋሪው ምን ማለቱ እንደ ሆነ አይጠየቅም፤ ሰሚውም «አልገባኝም» ለማለት ያፍራል። በዚህ መካከል ውሉ ይፈረማል፤ መኪናው ይተከላል፤ ቁልፉ በማን እጅ እንደ ቀረ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

እኛ ለማስረዳት የምንፈልገው አንድ ነገር ነው። ይኸውም፤ ከእነዚህ ቃላት እያንዳንዱ ውስጡ ሲከፈት ቀድሞ የወሰነ ሰው ይገኝበታል። መኪናው በራሱ ሠራ በተባለ ጊዜ ሁሉ፣ ምን ይሥራ፣ መቼ ይቁም፣ ማንን ይመን ብሎ አስቀድሞ የወሰነ አንድ ሰው ወይም አንድ ድርጅት አለ። ቃሉን መማር ማለት ያንን ወሳኝ ፈልጎ ማግኘት ማለት ነው።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ሁለት ማሳሰቢያ አለን። ዓመታቱን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። «መኪና» ስንልም በመንገድ የሚሄደውን ብቻ ሳይሆን፣ የስፌት መኪና፣ የጽሕፈት መኪና እንደምንለው፣ ማናቸውንም ማሽን ማለታችን ነው።

ስለ ቃላቱ ባዕድነት የሚያዝኑ ወገኖች አሉ። «ቃሉ የእኛ ካልሆነ ነገሩ እንዴት የእኛ ይሆናል?» ይላሉ። እኛ ግን በዚህ አንደነግጥም። መኪና ከጣሊያንኛ፣ ስልክ ከዓረብኛ የመጡ ቃላት ናቸው። ስልክ በዓረብኛ ሽቦ ማለት ነው፤ ዛሬ ሽቦ የሌለውንም በኪሳችን ይዘን እየዞርን ስልክ እንለዋለን፤ ማንም ቅር አይለውም። ቃል የተጠቀመበት ሰው ገንዘብ ነው። የሚያሳፍረው ቃሉን መዋስ ሳይሆን፣ ተውሶ ሳይከፍቱት ማስቀመጥ ነው።

እንግዲህ ከ«ራስ ሰር» እንጀምር። «ኦቶሜሽን» የሚለው የፈረንጅ ቃል በሰፊው መሰማት የጀመረው የፎርድ ኩባንያ በ1947 በዚሁ ስም አንድ የሥራ ክፍል ካቋቋመ በኋላ ነው። ከአንዱ መኪና ወደ ሌላው ብረቱን የሚያሻግረውን የሰው እጅ በሌላ መኪና መተካት ነበር ሥራው። በአማርኛ «ራስ ሰር» ተብሎ ሲተረጎም ውብ ቃል ሆኗል፤ ነገር ግን አንድ አሳሳች ነገር አለበት፤ በራሱ የሚሠራ ያስመስላል። በየቤታችን ጣሪያ ያለውን የውሃ ታንከር ተመልከቱ። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ኳስ ከፍ ይልና በሩን ይዘጋል፤ ውሃው ሲጎድል ኳሱ ይወርድና በሩ ይከፈታል። ማንም አጠገቡ አልቆመም። ነገር ግን ኳሱ በምን ያህል ከፍታ ላይ ሲደርስ ይዝጋ ብሎ የወሰነው ክንዱን ያጠፈው የቧንቧ ሠራተኛ ነው። እርሱ ምሳውን እየበላ ሳለ ውሳኔው በጣሪያው ላይ ይሠራል። እንግዲህ ራስ ሰር ማለት ያለ ሰው የሚሠራ ማለት ሳይሆን፣ ሰውየው ከሄደ በኋላ ውሳኔው የሚሠራ ማለት ነው።

ሁለተኛው ቃል ግብረ መልስ ነው። ትርጉሙን ከመጽሐፍ ይልቅ ከማጀት ማግኘት ይቀላል። እናቶቻችን እንጀራ ሲጋግሩ በመጀመሪያ ማሟሻ ያወጣሉ። ማሟሻዋ የምትነግራቸው ነገር አለ፤ ምጣዱ በቂ ግሎ እንደ ሆነ፣ ዓይኗም በደንብ ወጥቶ እንደ ሆነ አይተው እሳቱን ይጨምራሉ ወይም ይቀንሳሉ። ውጤቱን አይቶ ሥራውን ማረም፤ ግብረ መልስ የሚባለው ይኸው ነው። እንዲህ ያለው አሠራር በመሐንዲሶች አነጋገር ዝግ ዑደት ይባላል፤ ምክንያቱም ከሥራ የተነሣው ነገር ዞሮ ወደ ሥራው ይመለሳል። ውጤቱን ሳያይ ሰዓት ብቻ ቆጥሮ የሚሠራው ደግሞ ክፍት ዑደት ይባላል። የመንገድ መብራት በሰዓት ብቻ የሚበራ ከሆነ፣ ደመና ከተማውን በቀትር ቢያጨልመውም ሰዓቱ እስኪደርስ አይበራም።

በ1788 ጄምስ ዋት ለእንፋሎት ሞተሩ ሁለት የሚሽከረከሩ ኳሶች ያሉበት ፍጥነት መቆጣጠሪያ ገጠመለት። ሞተሩ ሲፈጥን ኳሶቹ ወደ ውጭ ይበተኑና የእንፋሎቱን በር ያጠቡታል፤ ሲዘገይ ኳሶቹ ይወርዱና በሩ ይሰፋል። ዘዴው በነፋስ ወፍጮ ቤቶች አስቀድሞ የታወቀ ነበር፤ ዋት ግን ለእንፋሎት አበቃው። ይሁን እንጂ ከእነዚህ መቆጣጠሪያዎች አንዳንዶቹ ሞተሩን በማርጋት ፈንታ ያንገጫግጩት ጀመር። ገላውን በሙቅ ውሃ የታጠበ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል። ውሃው ቀዘቀዘ ብሎ ቧንቧውን ያዞራል፤ ሙቀቱ እስኪደርስ ሳይታገሥ ደግሞ ያዞራል፤ በመጨረሻ የሚፈላ ውሃ ይወርድበታል። የዘገየ ግብረ መልስ ከተቸኮለ እርምት ጋር ሲጋጠም ነገሩ ይዋዥቃል። ጄምስ ክላርክ ማክስዌል በ1868 ይህንኑ በሒሳብ መርምሮ መቆጣጠሪያ መቼ እንደሚረጋ፣ መቼ እንደሚናወጥ አሳየ። በ1948 ደግሞ ኖርበርት ዊነር ለዚህ ሁሉ ጥናት «ሳይበርኔቲክስ» የሚል ስም አወጣለት፤ ቃሉ በግሪክኛ የመርከብ መሪ ከሚያዝ ሰው የመጣ ነው። ዛሬ በየቀኑ «ሳይበር» እያልን የምንጠራው የዚሁ የመሪ ያዥ ስም ነው።

ይህ የሩቅ አገር ተረት እንዳይመስላችሁ። በአዋሽ ወንዝ ላይ የተሠራው የቆቃ ማመንጫ በ1960 ሥራ ሲጀምር፣ ተርባይኖቹ የዋትን ኳሶች ሥራ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ነበራቸው። በ2025 የተመረቀው ታላቁ የኅዳሴ ግድብም፣ መሣሪያው እጅግ ቢራቀቅ፣ ያንኑ ሥራ ይሠራል። የአገራችን የኤሌክትሪክ ሞገድ በሴኮንድ 50 ጊዜ እንዲመላለስ የተወሰነ ነው። በበዓል ዋዜማ በየቤቱ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲሰካ ሸክሙ ይከብዳል፤ ተርባይኖቹም ጥቂት ይዘገያሉ። መቆጣጠሪያው መዘግየቱን አይቶ የውሃውን በር ከፈት ያደርጋል። እንግዲህ አንዲት እናት ምጣዷን ስትሰካ፣ መቶ ኪሎ ሜትሮች ርቆ ያለ የግድብ በር ይታዘዛታል ማለት ነው። 50 የሚለው ቁጥር ግን ከሰማይ አልወረደም። የወሰኑት ሰዎች ናቸው።

ሦስተኛው ጉዳይ ሦስት ቃላትን በአንድነት የያዘ ነው፤ ዳሳሽ፣ ተቆጣጣሪና አድራጊ። ዳሳሽ ወይም ሴንሰር የሚባለው ሙቀትን፣ ግፊትን፣ ፍጥነትን የሚያይ ዓይን ነው። ተቆጣጣሪው የታየውን ከተፈለገው ጋር አስተያይቶ የሚፈርድ ነው። አድራጊው ደግሞ በሩን የሚከፍት፣ ሞተሩን የሚያዞር እጅ ነው። ማናቸውም ራስ ሰር መኪና፣ የቢራ ፋብሪካ ጠርሙስ መሙያ ይሁን የስሚንቶ ምድጃ፣ ከእነዚህ ከሦስቱ የተሠራ ነው። አውሮፕላንም እንደዚሁ። ስለ አውሮፕላን ማንሣታችን ያለ ምክንያት አይደለም፤ የእነዚህ የሦስት ቃላት ክብደት በእኛው ምድር ላይ ታይቷልና።

መጋቢት 10 ቀን 2019 ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ የተነሣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ የበረራ ቁጥር 302 ከተነሣ ከ6 ደቂቃ በኋላ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ወደቀ። የነበሩት 157 ሰዎች ሁሉ አለቁ። ከዚያ አምስት ወር ያህል ቀደም ብሎ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2018፣ በኢንዶኔዥያ ይኸው ዓይነት አውሮፕላን፣ ቦይንግ 737 ማክስ፣ ከ189 ሰዎች ጋር ባሕር ገብቶ ነበር። በሁለቱም ላይ የተገኘው ኤምካስ የሚባል ራስ ሰር ዘዴ ነው። የአውሮፕላኑ አፍንጫ ከመጠን በላይ ቀና ያለ ሲመስለው የጭራውን ክንፍ አንቀሳቅሶ አፍንጫውን ወደ ታች ይገፋል። አፍንጫው ምን ያህል ቀና እንዳለ የሚለኩ ሁለት ዳሳሾች በግራና በቀኝ ነበሩለት። ዘዴው ግን በአንድ በረራ የሚያዳምጠው አንዱን ብቻ ነበር። ያ አንዱ የተሳሳተ ነገር ሲናገር ተቆጣጣሪው አመነው፤ አድራጊውም ታዘዘ። አብራሪዎቹ አፍንጫውን ሲያነሡ መኪናው ደግሞ ደጋግሞ ይገፋው ነበር።

ስለ ቃላት የምንናገር ስለ ሆነ፣ በዚህ ላይ አንድ ነገር እናስተውል። የመጀመሪያው አደጋ እስኪደርስ ድረስ ኤምካስ የሚለው ስም አብራሪዎች በሚማሩበት የበረራ መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ አልተገለጸም ነበር። አብራሪው እጅ ለእጅ የሚታገለው ነገር ስሙን እንኳ አያውቅም ነበር ማለት ነው። በአንድ ዳሳሽ ብቻ ይመን ብሎ የወሰነ ሰው አለ፤ ስሙ ከመጽሐፉ ይቅር ብሎ የወሰነም ሰው አለ። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኑ በዓለም ሁሉ ከበረራ ታገደ። ዘዴውም ሲታረም፣ ሁለቱን ዳሳሾች እንዲያስተያይ፣ ደጋግሞ እንዳይገፋ፣ አብራሪው በመሪው ሊያሸንፈው ከሚችለው በላይ ኃይል እንዳይኖረው ተደረገ። የታረመው ነገር ውሳኔ ነው። ውሳኔ መሆኑን ለማረጋገጥ ግን 346 ነፍስ ጠፋ። ከዚህ በኋላ «ቃላት ምን ያደርጋሉ?» የሚል ቢኖር፣ መልሱ በቢሾፍቱ አቅራቢያ ባለው እርሻ ላይ ተጽፏል።

ወደ ፋብሪካው እንመለስ። ፒ.ኤል.ሲ. የሚሉትን ሦስት ፊደል ከእኛ መካከል ለልምምድ ፋብሪካ የወጣ ሁሉ ሰምቶታል። ዛሬ የተቆጣጣሪነቱን ሥራ በአብዛኛው የሚሠራው ይህ ሣጥን ነው። ከእርሱ በፊት የፋብሪካው አእምሮ ግድግዳ ሙሉ ሪሌና ሽቦ ነበር። አሠራሩን ለመለወጥ ሽቦውን ነቅሎ እንደገና መግጠም ግድ ነበር። በ1968 የጄኔራል ሞተርስ አንድ ክፍል ይህን ድካም የሚያስቀር መሣሪያ እንዲቀርብለት ጠየቀ። ዲክ ሞርሊና ጓደኞቹ በ1969 ሞዲኮን 084 የተባለውን አቀረቡ፤ 084 የተባለው ለድርጅቱ 84ኛ ሥራው ስለ ነበረ ነው። ከሁሉ ይልቅ ደስ የሚያሰኘን የተጻፈበት ቋንቋ ነው። የፋብሪካ ኤሌክትሪሺያኖች ከጥንት ጀምሮ የሪሌ ሥራን የሚሥሉት እንደ መሰላል አድርገው ነበር። አዲሱም መሣሪያ በዚያው የመሰላል ሥዕል እንዲታዘዝ ተደረገ። ለሠራተኛው አዲስ ቋንቋ ከመጫን ይልቅ መኪናው የሠራተኛውን ቋንቋ ተማረ። ቴክኒክ ሰውን ሲያከብር እንዲህ ይሆናል።

ዳሩ ግን ይኸው ሣጥን ሌላም መልክ አለው። ፕሮግራሙ በይለፍ ቃል ሊቆለፍ ይችላል። ገዢው በውሉ ላይ ካልጠየቀ፣ ሻጩ መኪናውን ተክሎ ሲሄድ የይለፍ ቃሉን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ያን ጊዜ ፋብሪካው ብረቱን ገዛ፤ ሐሳቡን ግን አልገዛም። አንዲት ቁጥር ለማስለወጥ የአውሮፕላን ቲኬት ቆርጦ ባለሙያ ማስመጣት ይኖርበታል። የሕግ ተማሪዎች ሆይ፤ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ከመቶ ገጽ ውል ውስጥ «ሻጩ የፕሮግራሙን ቅጂና የይለፍ ቃሉን ያስረክባል» የምትል አንዲት መሥመር ማስገባት ከብዙ ዓመት ጥገኝነት ታድናለች።

«ሮቦት» የሚለው ቃል ከቲያትር የመጣ ነው። የቼኩ ጸሐፊ ካሬል ቻፔክ በ1920 ባሳተመው ድራማ ነው ለዓለም ያስተዋወቀው፤ ቃሉን የጠቆመው ወንድሙ ዮሴፍ ነው። በቼክ ቋንቋ «ሮቦታ» ማለት ጭሰኛ ለባለ ርስት በግድ የሚሠራው ሥራ ነው፤ የእኛ አያቶች ይህንን በትርጉም ሳይሆን በጀርባቸው ያውቁታል። የመጀመሪያው የፋብሪካ ሮቦት ዩኒሜት በ1961 በአሜሪካ በኒው ጀርዚ በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። ሥራውም ከመጣሉ የወጣውን የጋለ ብረት ማንሣት ነበር፤ ይህም ሰውን የሚያቃጥል ሥራ ነው። እንዲህ ያለውን ሸክም መኪና ቢወስድልን ማን ያዝናል? ጥያቄው ሸክሙ የተነሣለት ሰው የት ሄደ? የሚለው ነው። ወደዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

አሁን ከአንዱ መኪና ወጥተን መኪናዎች እርስ በርስ ወደሚነጋገሩበት እንሻገር። «ዲጂታል» በላቲን ጣት ከሚለው ቃል የመጣ ነው፤ በጣት መቁጠር እንደ ማለት ነው። የሙቀት መለኪያው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ያለ ማቋረጥ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ዲጂታሉ መሣሪያ ግን ያንን ወደ ቁጥር ለውጦ ይቆጥረዋል። አንድ ጊዜ ቁጥር ከሆነ በሽቦም ይላካል፤ ይቀመጣል፤ ይባዛል። ነገር ግን ለመነጋገር ሥርዓት ያስፈልጋል፤ ያም «ፕሮቶኮል» ይባላል። ፕሮቶኮልን እኛ ከቤተ መንግሥት እናውቀዋለን፤ ማን ቀድሞ ይገባል፣ ማን ቀድሞ ይናገራል፣ ማን ምን ብሎ ይመልሳል የሚለው ሥርዓት ነው። የመኪናዎቹም ከዚህ አይለይም። ሞድባስ የተባለው ፕሮቶኮል በ1979 ወጥቶ እስከ ዛሬ በየፋብሪካው ይሠራበታል። በወጣበት ዘመን መኪናዎቹ በአንድ ቅጥር ግቢ ብቻ ይነጋገሩ ስለ ነበረ «ማን ነህ?» ብሎ የመጠየቅ ልማድ አልተሰጠውም። በትክክለኛው ሥርዓት ሰላምታ የሰጠውን ሁሉ «እሺ ጌታዬ» ይለዋል። ግቢው ከዓለም ጋር ሲገናኝ ይህ ጨዋነት አደጋ ሆነ።

«ስካዳ» ደግሞ ተራርቀው ያሉ ጣቢያዎችን በአንድ ክፍል ተቀምጦ መመልከትና ማዘዝ ነው። የአገራችንን የኤሌክትሪክ ኃይል ከግድብ ወደ ከተማ የሚደለድለው ብሔራዊ ማዕከል የሚሠራው በእንዲህ ያለ ዘዴ ነው። በማዕከሉ የተቀመጠው ሠራተኛ የሚያየው ግድቡን ሳይሆን የግድቡን ሥዕል በመስኮት ላይ ነው። ሥዕሉ እውነት መሆኑን የሚያምነው ዳሳሹንና ፕሮቶኮሉን በማመን ነው።

ይህ እምነት ሲከዳ ምን እንደሚሆን ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። በ2010 ስተክስኔት የተባለ ክፉ ፕሮግራም ተገኘ። በኢራን በናታንዝ የዩራኒየም ማጣሪያ የነበሩትን የሲመንስ ተቆጣጣሪዎች ፈልጎ የሚያጠቃ ነበር። ሥፍራው ከኢንተርኔት የተለየ ቢሆንም በኪስ በሚያዝ ፍላሽ ሊገባ ቻለ። የሚሽከረከሩትን መኪናዎች ፍጥነት እየለዋወጠ ሲያበላሽ፣ ለጠባቂዎቹ ግን አስቀድሞ የቀዳውን የደህና ጊዜ ቁጥር ያሳያቸው ነበር። ቤቱ ሲቃጠል መስኮቱ ሰላም ነው ይላል። ሁለተኛው በታኅሣሥ 2015 በዩክሬን የሆነው ነው። ሩቅ ያሉ ሰዎች በኔትወርክ ገብተው የማከፋፈያ ጣቢያዎችን ማብሪያ አጠፉ፤ 225,000 ያህል ደንበኞች በክረምት ብርድ ለሰዓታት መብራት አጡ። መብራቱን የመለሰው ምን ይመስላችኋል? ሠራተኞቹ በመኪና ተጉዘው በየጣቢያው ማብሪያውን በእጃቸው መለሱት። በእጅ መመለስን ያልረሳ ሰው በመኖሩ ነው አገሩ የበራው።

የቀሩትን አዳዲስ ስሞች በአጭሩ እንለፍ። «የነገሮች ኢንተርኔት» የሚለውን ስም በ1999 ያወጣው ኬቪን አሽተን ነው፤ ሰው ብቻ ሳይሆን ዕቃም በመረብ ላይ ይናገር ማለት ነው። ፓምፑ ልክ እንደ ታማሚ «መሸከሚያዬ ጋለ» ብሎ ሳይሰበር በፊት ይናገራል፤ ጥሩ ነው። «ደመና» የሚሉት ግን በሰማይ ያለ ነገር አይደለም። አጥር፣ ዘበኛና የመብራት ሒሳብ ያለው የሌላ ሰው ቤት ነው፤ የእኛ ቁጥር በዚያ ቤት ይቀመጣል፤ ቤቱም በሌላ አገር ሕግ ይተዳደራል። «ዲጂታል መንትያ» የእውነተኛው መኪና በኮምፒዩተር የተሠራ አምሳያ ነው፤ ከእውነተኛው በሚመጣው ቁጥር እየታደሰ አብሮት ይኖራል። አምሳያው ላይ ሙከራ ማድረግ ከዕቃው ይቀልላል፤ የሠሪው ግምት ከተሳሳተ ግን አምሳያውም ይሳሳታል።

«አራተኛው የኢንዱስትሪ አብዮት» የሚለው አቆጣጠር በ2011 በጀርመን በሐኖቨር ትርኢት ላይ «ኢንዱስትሪ 4.0» ተብሎ ከወጣው ስም ጋር የተያያዘ ነው። አንደኛው እንፋሎት፣ ሁለተኛው ኤሌክትሪክና ተከታታይ የመገጣጠሚያ መሥመር፣ ሦስተኛው ፒ.ኤል.ሲ.ና ኮምፒዩተር፣ አራተኛው የሁሉም በመረብ መገናኘት ነው። ይህ አቆጣጠር የጀርመን ነው፤ በእኛ ከተማ ግን አራቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። በሽሮ ሜዳ ሸማኔው የጥበቡን ክር በልቡ ቆጥሮ ያነሣል። የፈረንሳዩ ዣካርድ በ1804 ያንኑ ቆጠራ በተበሳ ካርድ ላይ አኑሮ የሽመናን መኪና አስጠናው፤ የኮምፒዩተርም ታሪክ በዚህ ካርድ በኩል ያልፋል። እንግዲህ ሸማኔያችን የሚያውቀው ነገር ከኮምፒዩተር ዘመድነት አለው። ያልታደለው ልቡ የሚያውቀውን ወደ ካርድ የሚያወጣለት ወጣት ባለማግኘቱ ነው።

አሁን ወደ ሠራተኛው እንመለስ። ከ1811 ጀምሮ በእንግሊዝ ሉዳይቶች የተባሉ ሠራተኞች የሽመና መኪናዎችን ሰባብረዋል። ብዙ ጊዜ እንደ አላዋቂ ይነገርባቸዋል፤ ነገር ግን አብዛኞቹ መኪናውን አሳምረው የሚያውቁ ባለሙያዎች ነበሩ። የጠሉት መኪናውን ሳይሆን ከመኪናው ጋር የመጣውን የደመወዝ ውሳኔ ነው። በአገራችን የልብስ ፋብሪካዎች በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ እኅቶቻችን ይሠራሉ። ጨርቅ የሚተጣጠፍ፣ ቅርፁ የማይጸና ነገር ስለ ሆነ ሮቦት እንደ ብረት በቀላሉ አይዘውም፤ ስፌት እስከ ዛሬ በሰው እጅ የቀረበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። የእኅቶቻችን እንጀራ በጨርቅ መተጣጠፍ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ መቅረት የለበትም። መኪናው ሲመጣ እርሷ የመኪናው አስጠጋኝ፣ የመሰላሉ ሥዕል አንባቢ እንድትሆን የሚያስተምራት ማን ነው? ይህ በኢንጂነሩ ብቻ የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

«መጀመሪያ መኪናው ይምጣ፤ ጥያቄው ይደርሳል» የሚሉ ይኖራሉ። ድህነት ያስቸኩላልና ንግግራቸውን አንንቀውም። እኛም መኪናው አይምጣ አላልንም፤ ይምጣ፤ ሲበዛም ደስ ይለናል። ነገር ግን ጥያቄ የሚረክሰው ከፊርማው በፊት ነው። ከፊርማው በኋላ እየተወደደ ይሄዳል፤ ከአደጋው በኋላ የሚከፈልበት በሰው ነፍስ ነው።

ስለዚህ ራስ ሰር የተባለ ነገር ባየን ቁጥር አራት ጥያቄ እንድንጠይቅ እናሳስባለን። 1ኛ፤ የሚያየው በምንድን ነው? ዓይኑ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ያ ዓይን ሲታወር ምን ይሆናል? 2ኛ፤ የሚፈርደው ማን ባወጣለት ደንብ ነው? ደንቡስ በምንረዳው ቋንቋ ተጽፏል? 3ኛ፤ ቁልፉና ቁጥሩ የሚቀመጡት በማን ቤት ነው? 4ኛ፤ አጠገቡ የቆመው ሠራተኛ ሊያስቆመውና በእጁ ሊመልሰው ይችላል ወይ? እነዚህን ለመጠየቅ ዲግሪ አያስፈልግም፤ አለማፈር ብቻ ይበቃል።

አንድ ሥራም አብረን እንድንጀምር እንጠይቃለን። የምሕንድስና ተማሪዎች ከልምምድ ስንመለስ የሰማናቸውን ቃላት ከነሥራቸው እንመዝግብ። የቋንቋ ተማሪዎች ደግሞ ሠራተኛው በአፉ የሚጠራበትን ስም እየጠየቁ በአማርኛና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ያስፍሩት። የሕግ ተማሪዎች በውል ላይ ሊገቡ የሚገባቸውን መሥመሮች ያርቅቁ። መምህራኖቻችን ያርሙን። በየወሩ ሁለት ገጽ ያህል በዚህ በማኅበሩ መጽሔት ቢወጣ፣ በዓመቱ መጨረሻ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ይሆናል። እርሱም በየፋብሪካው በመኪናው አጠገብ ቢሰቀል፣ ሠራተኛው የሚታገለውን ነገር ስሙን ያውቃል። ስሙን ያወቀውን ነገር ደግሞ ሰው ሊያዘው ይችላል።

 አሁን ጥያቄው የእናንተ ነው።